አልበላሁም ያለው ባለቁልፍ

ባለቁልፉ ሆዱን የሚወድ ሰው ነው። ይህን ስል እያማሁት አይደለም፤ ራሱም አይክድም። ወደ ባሕሩ በሚወርደው መንገድ፣ ከዓሣ ገበያው በር ጎን፣ አንድ ሰው ከነወንበሩ ብቻ የምትይዝ የቆርቆሮ ሱቅ አለችው። እዚያች ውስጥ ተቀምጦ ቁልፍ ይቀርጻል፣ አልከፈት ያለ ጓጉንቸር ይፈታል፣ በሩ ተቆልፎበት ደጅ የቀረ ሰው ሲጠራው መሣሪያውን በቦርሳ ይዞ ይሮጣል። ሱቁን ለምን እዚያ እንደከፈተ ሲጠየቅ "ሰው የሚበዛበት ቦታ ስለሆነ ነው" ይላል። ሚስቱ ደግሞ "ሽታውን ተከትሎ ነው" ትላለች። እኔ ሚስቱን አምናለሁ።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። አፋቸው ዙሪያውን በቸኮሌት ተለውሶ "ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም" የሚሉ ፍጥረቶች ስታሳድግ ስለኖረች፣ የውሸታም ፊት ከሩቅ ታውቃለች። ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር በትዳር ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ባለቁልፉ፣ ስለ ገንዘብ ዋሽቷት አያውቅም፤ ስለ ሌላ ሴትም ዋሽቷት አያውቅም። ስለ ምግብ ግን እውነቱን ተናግሮ አያውቅም። ለእንግዳ ያስቀመጠችው ኬክ ጎኑ ጎድሎ ሲገኝ "አይጥ ይሆናል" ይላል።

"ቢላዋ የምትይዝ አይጥ?"

"ዘመኑ ተለውጧል እኮ!"

አንድ ጊዜ በጣም ሲመራት የኩሽናውን ቁም ሳጥን በጓጉንቸር ቆለፈችው። በማግስቱ ብስኩቱ የለም። ለካ ጓጉንቸሩን ያስመጣችው በእህቷ በኩል ከዚያው ከባሏ ሱቅ ኖሯል፤ ባለቁልፉም ለማን እንደሚሸጥ ስለገመተ አንድ ትርፍ ቁልፍ አስቀርቶ ነበር። ያን ቀን ሚስቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ትዳራቸው እንዲህ ነበር፤ እሱ ይሰርቃል፣ እሷ ትይዘዋለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ።

ከምግብ ሁሉ ደግሞ ነፍሱ የምትወጣው ለሸርጣንና ለትንሹ የባሕር ዘመዱ ለሽሪምፕ ነው። ከሱቁ ፊት ለፊት ዓሣ የሚሸጠው ጓደኛው፣ ገበያተኛውን እንደ ወታደር እየጮኸ ስለሚያሰልፍ "ሻለቃ" ይሉታል። ሻለቃ ምሳ ሰዓት ላይ ያልተሸጡትን ሸርጣኖች ጨው በበዛበት ውሃ ይቀቅላል። ከዚያ ሁለቱ የዓሣ ሣጥን ገልብጠው ይቀመጡና ቅርፊቱን በባለቁልፉ ፒንሳ እየሰበሩ ይበላሉ። ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ያስቀረጸ ሰው ቁልፉ ለምን ሸርጣን ሸርጣን እንደሚለው ሳይገባው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እንዲህ ሲኖር ሲኖር አንድ ጠዋት ጫማው አልገባ አለው። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ ደም ተቀዳ፣ ሽንት ተመረመረ፣ የደም ግፊቱ ተለካ። የኩላሊት ሐኪሙ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር።

"ኩላሊቶችዎ ደክመዋል፤ ግን ገና ይሠራሉ" አለው። "መድኃኒቱን ከወሰዱና አፍዎን ከጠበቁ፣ ደም የሚያጥበው ማሽን ላይ ሳይወጡ ብዙ ዓመት ይኖራሉ። ካልጠበቁ ግን አንገናኝም አልልም፤ ቶሎ ቶሎ እንገናኛለን።"

አፍህን ጠብቅ የተባለው እንግዲህ ባለቁልፉ ነው። ለዝርዝሩ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያዋ ላኳቸው። በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ወጣት ናት። ጨው እንዲቀር፣ ስጋው በልክ እንዲሆን፣ የታሸገና የተጨሰ ነገር ከቤት እንዲወጣ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ባለቁልፉ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሽሪምፕስ? የሻለቃ ሸርጣንስ?" አለ። ሚስቱ ከእፍረት የተነሣ ዓይኗን ጨፈነች።

ባለሙያዋ ሳቀች። "ሽሪምፕ ፈጽሞ አልተከለከሉም፣ አባቴ። ትኩስ ከሆነ፣ ጨው በሌለው ውሃ ከተቀቀለ፣ በሳምንት አንዴ፣ የመዳፍዎን ግማሽ ያህል፤ በዚያ ቀን ስጋ አይበሉም፣ እሱ በስጋው ፋንታ ይሆናል። ሸርጣን ግን ከተፈጥሮውም ጨው አያጣም፤ እሱ አልፎ አልፎ፣ ትንሽ ብቻ። የሻለቃ ምናምን ያሉኝ ነገርማ ይቅርብዎ።"

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ደረጃውን እንደ ጎረምሳ እየዘለለ ወረደና መንገድ ላይ የሚስቱን ክንድ ያዘ። "ከዛሬ ጀምሮ ስለ ምግብ አንዲት ቃል ብዋሽሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" አላት። ሚስቱ ቆመች። እንደ ወትሮዋ ትስቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልሳቀችም።

"እስከ ዛሬ ስትዋሸኝ የሚጎድለው ኬክ ነበር" አለችው። "ከአሁን በኋላ የሚጎድለው አንተ ነህ። ይሄ እንዲገባህ እፈልጋለሁ።"

ገባው። ወንድ ልጅ በስተርጅና ጠባዩን ሲለውጥ እምብዛም አላየሁም፣ ይህ ሰው ግን ለወጠ። ሻለቃ ድስቱን ሲጥድ ባለቁልፉ ወንበሩን ወደ ቆርቆሮው አዙሮ፣ ጀርባውን ለገበያው ሰጥቶ፣ ከቤት የመጣለትን ምሳ ይበላል። ፒንሳውን ያውሰዋል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ተቀብሎ ያጥበዋል፤ በቃ። ሻለቃ "አንተ ሰው፣ መነኮስክ እንዴ?" እያለ ሲያላግጥበት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ሚስቱም በበኩሏ ነገሩን በቀልድ አልያዘችውም። ጨው ከጠረጴዛው ላይ ጠፋ፤ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ተተኩ። ሽሪምፑን ከሻለቃ ለመግዛት ግን ልቧ እምቢ አለ። አንደኛ ዝንቡ፤ ሁለተኛ ባሏ ሊገዛ ወደ ድስቱ ከተጠጋ ያሸንፈዋል ብላ ፈራች። ስለዚህ ከትልቁ ሱፐርማርኬት፣ በረዶ ቤት ውስጥ ከተደረደረው፣ በላስቲክ የታሸገ ሽሪምፕ መግዛት ጀመረች። የታሸገ ይቅር ሲባል እሷ የገባት የቆርቆሮው ምግብ ነበር። ራሱ የተቆረጠ፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ እንደ ሕፃን ገላ የታጠበ፣ ነጭ፣ ወፍራም። ዋጋው የሻለቃ እጥፍ ነው፤ ለባሏ ኩላሊት ግን ምን ይሰሰታል? ሲበላ ፊቱ ስለሚበራ ደግሞ በሳምንት አንዴ የተባለውን ሁለቴ፣ ሁለቴውን ሦስቴ አደረገችው። ስጋ አይደለ፣ ጨው አልነካው፣ ምን ይጎዳዋል ብላ ነው።

መጥበሻው ላይ ሲወጣ ያ ሽሪምፕ ነጭ ውሃ ይለቃል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ በግማሽ ያህል ያንሳል። "ይሄ ሽሪምፕ ባሕሩን ይዞ ነው እንዴ የመጣው?" ይላል ባለቁልፉ። "ዝም ብለህ ብላ፤ ምስጋና ቢስ" ትለዋለች። ይበላል። ደግሞ ይጥመዋል! ጨው የራበውን ምላሱን ሳይቀር ይጥመዋል። የሚስቱ የእጅ ሙያ ነው ብሎ ጣቱን ይልሳል።

ለቀጠሮው ሲሄዱ ሁለቱም ሽልማት እንደሚቀበል ተማሪ ሆነው ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ። በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ የሚባል ማዕድን ከፍ ብሏል። እግሩን ጫን ቢለው የጣቱ ምልክት ሰርጉዶ ቀረ። "ያልተባለ ነገር እየገባ ነው" አለ፤ "ባለሙያዋን በሚቀጥለው ሳምንት እዩዋት።"

ቤት ሲደርሱ የሚስቱ እህት ሳሎን ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ይህች ዋርሳው አፏ ፈጣን፣ ልቧ ደህና የሆነች ሴት ናት፤ በባለቁልፉ ስታፌዝ ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። ሚስቱ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ ወደሱ ዞረች።

"ምን በላህ?"

"የሰጠሽኝን።"

"ሌላ?"

"ሌላ ምንም። ዓይኔን..."

"ተው! ዓይንህን ተወው።"

"ጋሼ፣ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ አሉ እኮ!" ብላ ዋርሳው ከት ብላ ሳቀች። ብቻዋን ነበር የሳቀችው።

"የሻለቃ ድስት ነው አይደል?" አለች ሚስቱ። "ወይስ ቁም ሳጥኑ? ምን ብዬስ ልቆልፍብህ፤ ባል ብዬ ያገባሁት ቁልፍ ቀራጭ።"

"ልከፍተው እችል ነበር፤ አልከፈትኩትም።"

"እንዴት ብዬ ልመንህ?"

ተቆጥታ ብትጠይቀው ኖሮ እሱም ተቆጥቶ ይመልስላት ነበር። ግን የምሯን ነበር የጠየቀችው፤ እንዴት ብላ እንደምታምነው ማወቅ ፈልጋ። ባለቁልፉ መልስ ፈለገ፤ ያገኘው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያሳበበባትን አይጥ ብቻ ነው። እሷ ኩሽና ገብታ ውሃ ከፈተች፤ ከውሃው ድምፅ ሥር እያለቀሰች መሆኗን ሰማ። ኩላሊቱ እንዲያ አላመመውም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ የሚያምነው ግን ጠፋ። ያን ሳምንት ሱቁ ውስጥ ቁልፍ እያበላሸ ሰነበተ፤ የቁልፉን ጥርስ አንድ ቦታ አብዝቶ ይቀርጻል፣ ይጥላል፣ እንደገና ይጀምራል። ሻለቃ ሁኔታውን ሲሰማ "እኔ እመሰክርልሃለሁ!" ብሎ ሽርጡን እንኳን ሳይፈታ ቤታቸው ድረስ ሄደ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችውና "ወንድሜ፣ አንተን ምስክር ማድረግ እኮ ድመትን ስለ ወተት መጠየቅ ነው" ብላ በትሕትና ሸኘችው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ባለሙያዋ ፊት እንደተቀመጡ ሚስቱ ቀደመች። "ዶክተር፣ ደብቆ ይበላል። እኔ አቅቶኛል፤ አንቺ ምከሪው።" (ባለሙያዋ ዶክተር አይደለችም፤ ግን ነጭ የለበሰን ሁሉ ዶክተር ማለት ማንንም አይጎዳም።)

ባለሙያዋ ወደ ባለቁልፉ ዞረች። "እስቲ አባቴ፣ ከጠዋት ጀምረው የሚበሉትን ይንገሩኝ። አልቆጣም።"

ስለ ምግብ አውራ የተባለ ሆዳም እንዴት እንደሚያወራ ታውቁታላችሁ። የጠዋቱን ዳቦ ከነአጠባበሱ፣ የምሳውን ሩዝ ከነእንፋሎቱ ተረከላት። ሽሪምፑ ጋ ሲደርስማ ተቀምጦ ማውራቱ አልበቃው ብሎ በእጁ መጥበሻ ያዘ። "ውሃውን ለቀቅ ያደርጋል፤ ነጭ ነው፤ አረፋ አለው። ከዚያ ሰብሰብ ብሎ ያንሳል..."

"ቆይ፣ ውሃ ይለቃል?" አለች ባለሙያዋ። "ከየት ነው የሚገዛው?"

"ከሱፐርማርኬት ነው" አለች ሚስቱ፣ በኩራት። "ንጹሑን፣ የታሸገውን።"

ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እማማ፣ ያ የታሸገው ብዙ ጊዜ በጨው ውሃና ፎስፌት በሚባል ነገር ይዘፈዘፋል። ውሃ እንዲይዝ፣ ነጭና ወፍራም መስሎ እንዲታይ ነው። ለጤነኛ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ የደከመ ኩላሊት ግን ፎስፌቱን ማውጣት ያቅተዋል፤ ሐኪሙ ያየው ፎስፈረስ ከዚያ የመጣ ነው። በሳምንት ስንት ጊዜ ነው የሚሠሩለት?"

ሚስቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አየቻቸው። እነዚያን ሽሪምፖች ያጠበችባቸው፣ ሎሚ የጨመቀችባቸው እጆች ናቸው።

ባለቁልፉ ይህን ሰዓት ሲጠብቅ ነው የከረመው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረት ሳይቀር አዘጋጅቶ ነበር፤ ዋርሳውም ባለችበት ሊደግመው አስቧል። የሚስቱን ፊት ሲያይ ግን ተረቱን ተወው። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ" አለ ባለሙያዋን። "ሲጣፍጠኝ ጊዜ ጨምሪልኝ እያልኩ አስቸገርኳት።"

እንዳያችሁት ዓይኑን ግንባር ያድርገው ካለ በኋላ የዋሸው ይህችን ብቻ ነው፤ እኔ በበኩሌ አልቆጥርበትም።

ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ሚስቱ ቆመችና "በድዬሃለሁ" አለችው። "ተይው" አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሽሪምፑ ከሻለቃ ይመጣ ጀመር፤ ትኩሱ፣ ግራጫው፣ ከነቅርፊቱ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ስድስት ፍሬ፣ ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርት ጋር። እብጠቱ ጎደለ፤ የሚቀጥለው ምርመራም ሐኪሙን ግንባሩን አስፈታው። ሰላም ወረደ ማለት ይቻላል።

ቢሆንም ባለቁልፉ አንድ ነገር ተረዳ። ሚስቱ ያመነችው ባለሙያዋን እንጂ እሱን አይደለም። ፍሪጁ አጠገብ ባለፈ ቁጥር ዓይኗ ይከተለዋል። ክፋት የለባትም፤ ልማድ ነው። ነጻ ወጥቷል፣ ግን አልታመነም፤ ሠላሳ ዓመት የተሠራ ውሸት በአንድ ላስቲክ ሽሪምፕ አይሰረዝም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ሻለቃ በረዶ ሊያመጣ ሲሄድ ድስቱን "እያት" አለው። እሱም አያት። ድስቲቱም አየችው። ወንበሩን ማዞር ረሳ። እጁ መቼ እንደሄደ አያውቅም፤ ብቻ አንድ የሸርጣን መቆንጠጫ እግር ፒንሳው ውስጥ ገብቶ ተሰብሮ፣ ነጩ ስጋ ከነጨው ውሃው አፉ ውስጥ ነበር። ጣዕሙን ልግለጽላችሁ ብል አልችልም፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ነው የበላው። ሲገልጥ ማንም የለም። ሻለቃ አልተመለሰም። እጁን በሳሙናና በሎሚ ቢታጠብ አበቃ፤ አንዲት እግር በምርመራ አትታይም።

ታጠበ። ከዚያ ሱቁን ዘጋና ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄደ። ልጆቹ ወደየቤታቸው ተወስደው ሚስቱ ጠረጴዛዎቹን ስትወለውል አገኛት። ከጉልበት የማታልፍ ቢጫ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ደረሰ።

"ምን ሆነህ ነው? አመመህ?"

"የሸርጣን እግር በላሁ።"

ጨርቋን እንደያዘች ቀረች። "መቼ?"

"አሁን። ከሻለቃ ድስት። አንድ።"

"ማን አየህ?"

"ማንም።"

ሚስቱ ብዙ አየችው። እዚያች ክፍል ውስጥ ስንቱ "እኔ አይደለሁም" ሲላት ኖሯል፤ ሳይጠየቅ "እኔ ነኝ" ብሎ የመጣ ግን ትዝ አላላትም። ቀስ ብላ ከፊት ለፊቱ ባለው ቀይ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ጣፈጠህ?"

"በጣም" አለ።

ሳቀች። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማትም ነበር። "የዚህ ሳምንት ሽሪምፕህ ቀረ" አለችው። "አውቃለሁ" አላት። ሁለቱም ከነዚያ ወንበሮች ለመነሣት መደጋገፍ ነበረባቸው።

ከወራት በኋላ፣ ርቃ ስትማር የነበረችው ልጃቸው ሥራ አገኘችና እሑድ ምሳ ተደገሰላት። ዋርሳው መጣች፣ ሻለቃም ታጥቦና ሽቶ ተቀብቶ አንድ ትልቅ ሰሃን ሸርጣን ይዞ መጣ፤ ለእንግዶቹ በቅቤና በጨው ተሠርቶ ኩሽና ተቀመጠ። ባለቁልፉ የራሱን ድርሻ በልቶ፣ የቀረውን ሆዱን በፖም ሊያታልል ወደ ኩሽና ገብቶ ሲመለስ፣ ዋርሳው ሰሃኑን ልታቀርብ ሄደች። ሰሃኑ ግማሽ ሆኗል።

"ጉድ በል!" እያለች ሳሎን ይዛው ወጣች። "ግማሹ የለም! ጋሼ፣ አሁን ከኩሽና የወጣኸው አንተ አይደለህም?"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሻለቃ ጠረጴዛውን ይደበድባል። ባለቁልፉ አፉ ፖም ሞልቶ ነበርና መናገር አልቻለም፤ እጁን ብቻ አወዛወዘ፤ ይህም ይበልጥ ጥፋተኛ አስመሰለው።

ሚስቱ ሰሃን እያቀባበለች ነበር። ቀና እንኳን አላለችም። "እሱ አይደለም" አለች።

"አንቺ ደግሞ! ኩሽና ነበርሽ እንዴ?"

"አልነበርኩም።"

"ታዲያ በምን አወቅሽ?"

"በልቶ ቢሆን ይነግረኝ ነበር።"

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ልጅቱ ባዶ ሰሃን ይዛ ከደጅ ገባችና ግማሹን ለጎረቤት አድርሳ መምጣቷን ተናገረች፤ ማንም ልብ ብሎ የሰማት የለም። ባለቁልፉ ፖሙን አፉ ውስጥ እንደያዘ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀምጧል። ሚስቱ በአጠገቡ ስታልፍ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈችና የሸርጣኑን ሰሃን ከእህቷ ተቀብላ ከፊቱ፣ ልክ እጁ ሥር አስቀምጣ ዳቦ ልታመጣ ወደ ኩሽና ሄደች።